የማይቀደደው ሱሪ ገድል

ሰው ራቁቱን ይወለዳል። ይህ ስሕተት መሆኑን የቀደሙት ሰዎችም ሳያውቁት አልቀሩም፤ ነገር ግን ስሕተቱን በአምስት ድርብ ጨርቅ አርሞ፣ በላዩ ላይ የዕድሜ ልክ ዋስትና ጨምሮ ለዓለም ያበረከተው የእኛ ከተማ ነው። የከተማዋን ስም አልናገርም። ዋዮሚንግ ግዛት ውስጥ፣ ከተራራው ሥር እንዳለች፣ ነዋሪዎቿም ሁሉ ጠመንጃ እንዳላቸው መናገሩ ይበቃል።

እኔ የከተማዋ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሰው ከፀጉሩ ጋር ምስጢሩንም ወንበሬ ሥር ጥሎ ስለሚሄድ የማላውቀው ነገር የለም። ዛሬ የምተርከውን ግን የሰማሁት ሳይሆን ቆሜ ያየሁት ነው፤ የአዳኞች ማኅበራችን ሊቀ መንበር የላይል ስታንገር ታሪክ። ላይል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ አንተ እንባባላለን። በጽሑፍ ሲሆን ግን አምስት ልብስ ደርቦ የሚሄድን ሰው አንተ ለማለት ብዕሬ አልደፈረም።

ሊቀ መንበር ላይል የሚተዳደሩት ኢንሹራንስ በመሸጥ ነው። ሰው ላይ ገና ያልደረሰ መከራ ሁሉ አስቀድሞ ይታያቸዋል። ስለ አደን ልብስ ያላቸውን አስተምህሮ እኔ ሱቅ ውስጥ ያልሰማ ራስ የለም። «አንደኛው ልብስ ላብ ያስወጣል፤ ሁለተኛው ሙቀት ይይዛል፤ ሦስተኛው ነፋስ ይመልሳል፤ አራተኛው ዝናብ ይከላከላል፤ አምስተኛው ደግሞ እነዚህን አራቱን አውሬ እንዳያይ ይሸሽጋል» ይላሉ።

አምስተኛው ቅጠልና ቅርፊት የተሣለበት ዥንጉርጉር ልብስ ነው። የትኛው ሥዕል ከተራራችን ቅጠል ጋር እንደሚመሳሰል ለመወሰን ሊቀ መንበሩ አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶባቸዋል። በየተራ እየለበሱ ጓሯቸው ካለው ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጡና ሚስታቸውን ማርጂንን «አየሽኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። ማርጂን ሳህን እያጠበች በመስኮት ብቅ ትልና «ማነው የሚያወራው?» ትላቸዋለች። ጥሩ ሚስት ናት። እንዲህ ተደክሞበት የተመረጠው ልብስ ከተለበሰ በኋላ፣ ሕጉ ስለሚያስገድድ፣ ሊቀ መንበሩ ከሸለቆው ማዶ የሚታይ ደማቅ ብርቱካንማ ኮፍያ ይደፉበታል። አስተዋይነት ይሉሃል ይህ ነው።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ታላቅ ነገር ሆነ። ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ የተራራ አጋዘን በላይኛው ሸለቆ ለማደን በእኛ ዘንድ ዕጣ ይወጣል። ሊቀ መንበሩ ፀጉራቸው ጥቁር ሳለ ጀምረው በየዓመቱ ዕጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ፀጉሩ ሸበተ፣ ከዚያም ሳሳ፣ ዕጣው ግን አልወጣላቸውም ነበር። ሲወጣላቸው ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አንድ ወንድ ኤልክ፣ በራሳቸው እጅ፣ በዚያ ወቅት ብቻ። ሌላ ሰው ቢተኩስላቸው ወንጀል ነው፤ ቀኑ ካለፈም እንደገና ዕጣ ለመጠበቅ የቀራቸው ፀጉር የሚበቃ አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት ማርጂን ትልቁን ፍሪዘር ከፈተች።

«አንተ ሰውዬ፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለው ልብስ የማነው?»

«የኔ ነው። ሽታ እንዳይዝ ነው። ኤልክ እኮ አፍንጫው ለጉድ ነው።»

«እኔም አፍንጫ አለኝ። ዶሮዎቼስ የት ሄዱ?»

«ጎረቤት ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ዶሮ ሽታ አለዋ።»

ማርጂን ክዳኑን በቀስታ መለሰችው። በቀስታ ስትመልሰው ነው የሚፈራው።

«ስማኝ ላይል። ይሄን ዕቃ ስንጋባ አባቴ ነው የሰጠን፤ ሥጋ ይሞላበታል ብሎ። ምስኪኑ አባቴ ሳይሞላ ሞተ። አሁን ዕጣው ወጥቶልሃል። የአደኑ ወቅት ሲያልቅ ወይ ሥጋ ይገባበታል፣ ወይ ልብስህ በሙሉ ለቤተ ክርስቲያኑ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ይሄዳል።»

«አምስተኛውም?»

«ከአምስተኛው ነው የምጀምረው።»

ሊቀ መንበሩ ይህን ሲነግሩኝ ምላጬ ጉሮሯቸው ላይ መሆኑን ረስተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቴን ነው፣ አዘንኩላቸው። አንድ ፍሪዘር፣ አንድ ኤልክ፣ አንድ ወቅት። ሌላ ሰው ቢሆን ተኩስ ይለማመድ ነበር። እሳቸው ግን ሱሪ ገዙ።

ሱሪው እስከ ደረት የሚደርስ፣ በትከሻ ማንገቻ የሚያዝ፣ ያለ ለባሹ ብቻውን የሚቆም ሱሪ ነበር። ጥንካሬው በሕዝብ ፊት እንዲፈተን ተደረገ። የነዳጅ ማደያው ባለቤት ኦርቪል፣ ሦስተኛው ጓደኛችን፣ ሱሪው ውስጥ አጃ ሞልቶ ከፒክአፑ ኋላ አሰረውና በጠጠሩ መንገድ እስከ መቃብር ቦታው ጎትቶ መለሰው። አጃው ተፈጭቶ ወጣ፤ ሱሪው አልተጫረም። ለኦርቪል ውሻም ተሰጠ። ውሻው ቀኑን ሙሉ ሲታገለው ውሎ በመጨረሻ አፍሮ አልጋ ሥር ገባ።

ሊቀ መንበሩ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሱሪውን ወንበር ላይ አስቀምጠው ንግግር አደረጉ። ሱሪው ከብዙዎቻችን ይልቅ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አዳመጠ።

«ክቡራን አዳኞች፣ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባልበት ዘመን አልፏል። ይህ ሱሪ በምንም አያያዝ አይቀደድም። እኔ አልፋለሁ፤ ሱሪው ይኖራል። ፋብሪካውም ገዢው በሕይወት እስካለ ድረስ ኃላፊነቱን ወስዷል፤ በስለት ካልተቆረጠ በስተቀር።»

ተጨበጨበ። ኦርቪል እጁን አወጣ። «ላይል፣ ተኩስስ እንዴት ነህ?»

«ከአጀንዳው አንውጣ» አሉ ሊቀ መንበሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው የለበስኩትን ጂንስና የጥጥ ሹራብ በሐዘን ተመለከቱ። «ወንድሜ፣ ጥጥ ገዳይ ነው። ረጥቦ አይደርቅም።» እኔ እንግዲህ ከልጅነቴ ጀምሮ ሊገድለኝ ሲያሳድደኝ የኖረ ልብስ ለብሼ መኖሬን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ወቅቱ ተከፈተና ሦስታችን ወጣን። ሥርዓቱን ለማያውቅ ልንገረው። አዳኝ መንገድ ሲጀምር ልብሱን ቀንሶ መብረድ አለበት። ሞቆት ከተነሣ ያልበዋል፤ ያላበው ይበርደዋል፤ የበረደው ይሞታል። ስለዚህ እንዳይበርደን አስቀድመን ይበርደናል። ሊቀ መንበሩ በየማለዳው ፒክአፑ አጠገብ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ያወልቁ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ላብ ሳይሆን የላብ ሥጋት ይመጣና ቆመው አንድ ያወልቃሉ። ነፋስ ሲነሣ ቆመው ሁለት ይደርባሉ። ፀሐይ ከደመና ስትወጣ አንድ፣ ስትገባ ሁለት። እኔና ኦርቪል የማልበስና የማውለቅ ሥራ ደርሶን እንደ ሙሽራ አጃቢ ዙሪያቸውን እንዞራለን። ተራራውን ከወጣነው ይልቅ ዚፕ ከፍተን የዘጋነው ይበልጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ሊቀ መንበሩ ሁለተኛውን ልብስ ሊያወልቁ ራሳቸውን ሹራቡ ውስጥ ቀብረው ሳለ ኦርቪል ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

«ላይል፣ ኤልክ» አለ በሹክሹክታ።

«የት ጋ?»

«ከሹራብህ ውጪ።»

ሊቀ መንበሩ ከሹራቡ ሲወጡ ኤልኩ ሄዷል። «ዋናው ነገር አላላበኝም» አሉ። ሌላ ቀን ደግሞ ጓንት በጓንት ላይ ደርበው ስለነበር ጣታቸው ወደ ቃታው አልገባ አለ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ሦስት ኤልክ በሰላም ሸኝተን፣ የወቅቱ መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ማርጂን በዚያ ቀን ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ትልቅ ካርቶን በሩ ላይ አስቀምጣ ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ሲወጡ ተራምደውት ነው የወጡት።

የቀረን የወይዘሮ አርዲስ ኩምብስ መሬት ነበር። ወይዘሮ አርዲስ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ሁለት ባል የቀበሩ ባለ ከብት ናቸው። ለአዳኝ መሬታቸውን አይከለክሉም፤ ትእዛዛቸው አንድ ብቻ ናት፤ «ግቡ፣ እደኑ፣ ሽቦዬን እንዳትቆርጡ።» በእኛ አገር የሰው ሚስት የነካና የሰው አጥር የቆረጠ እኩል ቢከሰሱ፣ ሽማግሌዎች ስለ መጀመሪያው «ምክንያት ይኖረዋል» ይላሉ። ስለ ሁለተኛው ግን ገመድ ነው የሚጠይቁት።

ጠመንጃዎቹን አራግፈን፣ ምሰሶ ላይ አስደግፈን፣ እሾሃማውን ሽቦ እኔና ኦርቪል በቀላሉ ተሻገርን። የኔ ጂንስ ትንሽ ተቀደደና ለቀቀኝ። ሊቀ መንበሩም እግራቸውን አነሡ። እሾሁ መጀመሪያ መቀመጫቸውን ያዘ፤ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚታቸውን፤ ሊዞሩ ሲሉ ደግሞ ጉልበታቸውን። ተንሸራተቱና በግንባራቸው ወደ በረዶው ወረዱ፤ ግን አልደረሱም። ሱሪው ያዛቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ይህን ሱሪና ይህን ሽቦ ያላየ ሰው ነው። ሊቀ መንበራችን ራሳቸው ወደ ታች፣ እግራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ተንጠለጠሉ። ከኪሶቻቸው ቸኮሌት፣ ኮምፓስ፣ ትርፍ ጓንት፣ የትርፍ ጓንቱ ትርፍ ጓንት እየረገፈ ወረደ። ብርቱካንማው ኮፍያም ወደቀ።

«አያችሁ? አልተቀደደም» አሉ ከሥር።

ኩራታቸው ከልብ ነበር። ኦርቪል ግን አላዳመጠም፤ ጥዶቹን እያየ ነበር።

«ላይል፣ እንዳትንቀሳቀስ።»

«መንቀሳቀስ ብችል እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ኤልክ ወጣ።»

«ወንድ ነው?»

«ቀንዱ የበር ጉበን አያሳልፈውም።»

«ለኔ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ።»

«ላንተ ያልተገለበጠ ምን አለ?»

ኤልኩ ሜዳው ዳር ቆሞ ወደ እኛ ተመለከተ። በሕይወቱ ብዙ አዳኝ አይቶ ይሆናል፤ የተሰጣ አዳኝ ግን አላየም። ኦርቪል ቢላዋውን መዘዘ።

«በስለት አይሆንም! ዋስትናው ይሰረዛል» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ኦርቪል ቢላዋውን መልሶ ፒንሳ አወጣ። እጁን ያዝኩት። «ሽቦውን ነክተህ የት ልትኖር ነው? አርዲስ ታርድሃለች።»

«እንግዲያው አንተ ተኩስለት።»

«ወንጀል ነው። ፈቃዱ የሱ ነው።»

«ጠመንጃውን እንስጠው?»

«ተዘቅዝቆ? ማናችንን ሊገድል?»

ስለዚህ በማኅበሩ ደንብ መሠረት እዚያው በሹክሹክታ ስብሰባ ተቀመጥን። ሰብሳቢው እንደተንጠለጠሉ መሩት። ሦስት ሐሳብ ቀረበ፤ ሦስቱም ወደቀ፤ መውደቅ የነበረበት ሰው ግን አልወደቀም። ፀሐይዋ ወደ ተራራው እያዘቀዘቀች ነበር። ስትጠልቅ ወቅቱም ያልቃል። ሊቀ መንበሩ «ካርቶኑን በሩ ላይ አይታችሁታል?» አሉ። ሰው ተዘቅዝቆ ሲያለቅስ እንባው በግንባሩ እንደሚወርድ ያን ቀን አየሁ፤ አላሳቀኝም።

በዚህ መሀል ወይዘሮ አርዲስ አሮጊት ባዝራቸው ላይ ተቀምጠው አጥሩን እየቃኙ ደረሱ። ኤልኩ ፈረስ ስለለመደ ንቅንቅ አላለም።

«ማነው እሱ አጥሬ ላይ የተሰጣው?» አሉ።

«ላይል ነው፣ ወይዘሮ አርዲስ።»

«የስታንገር ልጅ? ኢንሹራንስ የሸጠልኝ?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ኢንሹራንሱ አጥሬን ይሸፍናል?»

«በሰው ምክንያት የሚደርስ ጉዳትን አይጨምርም፣ ወይዘሮ» አሉ ሊቀ መንበሩ ከሥር። ተዘቅዝቀውም ሥራቸውን አልዘነጉም።

«እንግዲያው እንዳትቆርጡት። ሱሪህን አውልቀህ ውረድ እንጂ ልጄ።»

ሐሳቡ ከስብሰባችን ያመለጠው በስንፍና አይደለም። ለዘላለም የተገዛ ነገር ይወልቃል ብሎ ማን ያስባል?

«እርስዎ ባሉበት?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ሁለት ባል ቀብሬያለሁ። ሁለቱም ሱሪ ያወልቁ ነበር።»

ኦርቪል ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ተጠጋ። «ላይል፣ ማርጂን ከአምስተኛው ነው የምጀምረው ብላሃለች።»

ያኔ ሊቀ መንበሩ እጃቸውን ወደ ዚፑ ሰደዱ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የሱሪው ማንገቻ ከሁለተኛው ልብስ ሥር ነው፤ ሁለተኛው ከሦስተኛው ሥር፤ ሦስተኛው ከአራተኛው ሥር፤ አራተኛው ከአምስተኛው ሥር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ተዘቅዝቆ የሚፈታ ሰው ግን ተረትም አልተተረተለት። አምስተኛው ወለቀና ሽቦው ላይ ተንጠለጠለ። አራተኛው ወለቀ። ሦስተኛው፣ ሁለተኛው። ነፋሱ ተቀብሎ እያንዳንዱን ከእሾሁ ጋር ያጋባው ጀመር። ኤልኩ አንገቱን ዘርግቶ ወደዚህ ሁለት እርምጃ ቀረበ። በመጨረሻ ማንገቻው ተፈታና ሊቀ መንበራችን እንደ በሰለ ፍሬ በረዶው ላይ ወደቁ።

በላያቸው የቀረው አንደኛው ልብስ ብቻ ነበር፤ ላብ የሚያስወጣው። ማርጂን ከቀይ ጋውኗ ጋር ስላጠበችው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጽጌረዳማ ሆኗል። ሊቀ መንበሩ ኮፍያቸውን ከበረዶው አንሥተው ደፉ። ሕጉ ራስ ላይ ብርቱካንማ እንዲኖር ያዝዛል፤ ከወገብ በታች ስላለው የሚለው የለም። ጠመንጃቸውን አነሡ፤ አጎረሱ፤ ተንበረከኩ። ከዚያ በፊት አይቼባቸው በማላውቀው እርጋታ አንድ ጊዜ ተኮሱ። የሚያወልቁት፣ የሚደርቡት፣ የሚያስቡለት ልብስ አልነበራቸውም። ኤልኩ ባለበት ወደቀ።

ፀሐይዋም ጠለቀች። ሱሪውን ከሽቦው ለማላቀቅ ሞከርን፤ ሱሪው አይቀደድ፣ ሽቦው አይቆረጥ፣ ትተነው ሄድን። ሊቀ መንበሩ ከላይ የኔን ገዳይ ጥጥ ለበሱ፣ ከታች የባዝራዋን ብርድ ልብስ አገለደሙ፤ ሞቋቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ፍሪዘሩ በሁለተኛው ቀን ሞላ። ማርጂን ክዳኑን ከፍታ ሥጋውን በእጇ ዳበሰች። «አባቴ ቢያየው» አለች። ቆይታ «ልብሱስ የት አለ?» አለች።

«አጥር ላይ ቀረ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እዚያው ይቅር» አለችና ሳመቻቸው። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሁላችንም ብልሆች ሆነን በኖርን።

ነገር ግን የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነበረብን። ሊቀ መንበሩ አዲስ ልብስ ለብሰው ተነሡ።

«ክቡራን አዳኞች፣ የአውሬው ንጉሥ ለምን ቆመ? ለምን ቀረበ? ሱሪውን አይቶ ነው! ድሉ የልብስ ድል ነው።»

«ላይል፣ እኔ እዚያው ነበርኩ» አለ ኦርቪል። «የገደልከው ልብስህን አውልቀህ ነው።»

«ሱሪው ባይኖር ኖሮ ምኑን አወልቅ ነበር?»

ከእንግዲህ ሁሉም አባል እንደ ሊቀ መንበሩ እንዲያድን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዘንድሮ ዕጣው ለአንድ አባል ብቻ ቢወጣም፣ መከር ሲደርስ የማኅበሩ አባላት በሙሉ፣ እኔም ሳልቀር፣ ያንኑ የማይቀደድ ሱሪ ከነድርቡ ገዝተን በወይዘሮ አርዲስ አጥር ላይ በሥርዓቱ አጋድመን ሰቀልን፤ ከዚያም በውስጥ ልብስና በብርቱካንማ ኮፍያ ከቁጥቋጦ ሥር ተደርድረን ኤልክ ጠበቅን። ኤልኮቹ ከላይ ሆነው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱንና በትሕትና ወደ ሌላ ሸለቆ ተሻገሩ። ሐኪማችን ያን ሳምንት ምሳ የሚበላበት ጊዜ አጣ። ልብሱን ለማውረድ ብንሞክር እንደ ዓምናው ሆነ፤ ሱሪው አይቀደድ፣ ሽቦው አይቆረጥ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ የወይዘሮ አርዲስ ሠራተኞች አምስት አምስት ልብስ ደርበው ድርቆሽ ሲጭኑ አየሁ። በበረዶ የተወለዱት ጥጆች ጃኬት ለብሰዋል። ጓሮ ያለው የወፍ ማስፈራሪያ እንኳ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው። ወይዘሮ አርዲስ አጥሩ ሥር ቆመው ሽቦውን በፒንሳ ቁርጥ አድርገው አንድ ሱሪ አወረዱ፤ ሽቦውን መልሰው ቀጠሉት።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ ሽቦ አይቆረጥም አላሉም?» አልኳቸው።

«እናንተን ነዋ ያልኩት። አጥሩ የኔ አይደል?» አሉ። ሱሪውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ እዚህ መሬት ላይ ሣር ዘራሁ፣ ድንች ዘራሁ፣ አጃ ዘራሁ። እንደ ሽቦው ያፈራልኝ የለም።»

የኔ ሱሪ ከበሩ ቀጥሎ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ነበር የተሰቀለው። አሁን አንድ ቡላ ጥጃ ለብሶታል። እስካሁን አልተቀደደም።